ቀዳዳው ሁሉ እኩል እንዲውል፦ በቤት ወርክሾፕ የመብሻ ጂግ አሠራር

ሃያ ማያያዣ ብረት ቆረጣችሁ። እያንዳንዱን ለካችሁ፣ ጫራችሁ፣ በሳችሁ። መግጠም ስትጀምሩ ግማሹ ቡሎን አልቀበልም አለ። ከዚያ ቀዳዳ በሞረድ ማስፋት፣ ቡሎን በመዶሻ ማስገደድ ይመጣል። መፍትሔው ጂግ፣ ማለትም ብረቱን በቦታው ይዞ ፑንታውን የሚመራ መሣሪያ፣ መሥራት እንደሆነ ብዙ ሰው ያውቃል። የሠራው ጂግም አብዛኛውን ጊዜ አያረካውም።

ችግሩ ሁልጊዜ ከሦስት ነገር አንዱ ነው። ጂጉ በሜትር ተለክቶ ነው የተሠራው። ወይ ተበይዶ ተጣሟል። ወይ ፍርፋሪ የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም። እዚህ የምንሠራው ጂግ ሦስቱንም ያስወግዳል። ብየዳ አይነካውም። ወሳኙ ልክም ከሜትር አይመጣም፤ ከአንድ ጥሩ ናሙና ላይ ይገለበጣል።

የምንሠራው ምንድን ነው?

ምሳሌያችን ባለ 40 በ 5 ሚሊ ፍላት ብረት ነው። ርዝመቱ 160 ሚሊ ይሆናል። ሁለት ባለ 10 ሚሊ ቀዳዳ አለው። ከጫፍ 30 ሚሊ ይርቃሉ፤ እርስ በርሳቸው ደግሞ 100 ሚሊ። በኤም 8 (ባለ 8 ሚሊ) ቡሎን ይታሰራል። 10 ሚሊ ቀዳዳ ለኤም 8 ለቀቅ ያለ ነው። ሮንዴላ ከተደረገለት ለግድግዳና ለበር ሥራ ይበቃል። የእናንተ ቁራጭ ሌላ ልክ ካለው ቁጥሮቹን ቀይሩ፣ ቅደም ተከተሉን ግን አትንኩ።

## ደረጃ 1፦ የትኛው ልክ ወሳኝ እንደሆነ ወስኑ

ይህን ወረቀት ላይ ጻፉት። በዚህ ቁራጭ ላይ ወሳኙ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው 100 ሚሊ ነው። ከጫፍ ያለው 30 ሚሊ ግማሽ ሚሊ ቢሳሳት ማንም አያየውም።

ስለዚህ ሁለቱንም ቀዳዳ ከጫፍ እየደገፋችሁ አትብሱ። ቁራጮቹ በግራይንደር ነው የሚቆረጡት። አንዱ 159፣ ሌላው 161 ይሆናል። ሁለቱንም ጫፍ በየተራ አስደግፎ የሚበሳ ጂግ የመቁረጡን ስሕተት በሙሉ መካከለኛው ልክ ላይ ያሳርፈዋል። ትክክለኛው መንገድ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ከጫፍ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀዳዳ ማስነሳት ነው። ጂጋችን ፒን፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ዘንግ፣ የሚኖረው ለዚህ ነው።

## ደረጃ 2፦ ዕቃ አሰባስቡ

* ለመሠረት፦ ባለ 10 ሚሊ ላሜራ፣ 300 በ 120። አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ ምናለሽ ተራ ቁራጩ ይገኛል። ስትመርጡ ስኳድራ ጠርዝ አስቀምጡበት። ብርሃን ከስር ካሳየ ተዉት።
* ለመደገፊያ፦ ባለ 25 በ 10 ሚሊ ፍላት። አንድ 300 ሚሊ፣ አንድ 60 ሚሊ።
* ለድልድይ፦ ባለ 12 ሚሊ ላሜራ፣ 60 በ 95።
* ለቡሺንግ (ፑንታውን ለሚመራው ቀለበት)፦ አሮጌ ቁጥር 6200 ኩሽኔታ። የውስጡ ቀዳዳ 10 ሚሊ፣ ወርዱ 9 ሚሊ ነው።
* ለፒን፦ ልሙጥ ባለ 10 ሚሊ ዘንግ። የአሮጌ ፕሪንተር ዘንግ ጥሩ ነው፣ ግን በካሊፐር ለኩት፤ ሌላ ውፍረትም አለ። በተጨማሪ ባለ 8 ሚሊ ዘንግ ለማቆሚያ።
* ኤም 8 ቡሎኖች፦ አራት ባለ 30፣ ሁለት ባለ 20፣ አንድ ባለ 40 ሚሊ።
* ኤም 8 ታፕ (ጥርስ ማውጫ)፣ የ 3፣ የ 6፣ የ 6.8፣ የ 8፣ የ 9፣ የ 9.5፣ የ 10፣ የ 12 እና የ 14 ፑንታ፣ ባለ 22 ሚሊ ሆል ሶ (ክብ መጋዝ)፣ ባለሁለት ቱቦ ኢፖክሲ።

ቁም ትራፓኖ የግድ ነው። በእጅ ትራፓኖ ይህን ጂግ መጠቀም ይቻላል፣ መሥራት ግን አይቻልም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የትራፓኖውን ጠረጴዛ በስኳድራ ፈትሹ። ቻኩ (ፑንታ መያዣው) ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ እሰሩ፤ ከግራም ከፊትም ስኳድራ አስጠጉ። ጠረጴዛው ካዘነበለ ጂጉም አዘንብሎ ይወለዳል።

## ደረጃ 3፦ ናሙናውን ሥሩ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ግልባጭ ነው።

1. ከፍላቱ 160 ሚሊ ቁረጡ። አንዱን ረጅም ጎን በሞረድ ቀጥ አድርጉ። ይህ ጎን የናሙናው ጀርባ ነው፤ በቀለም ምልክት አድርጉበት።
2. ከጀርባው 20 ሚሊ ላይ የመሐል መስመር ጫሩ። 30 እና 130 ሚሊ ላይ አቋርጡት።
3. መገናኛውን በሴንተር ፓንች ቀስ ብላችሁ ምቱ። አጉሊ ነገር ካለ ተመልከቱ። ነጥቡ ከመስመር ከወጣ ፓንቹን አዘንብላችሁ ጎትቱት፣ ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ ድገሙ።
4. በሞርሳ አስራችሁ በ 3 ሚሊ ፑንታ ጀምሩ፤ ከዚያ 6፣ ከዚያ 9.5፣ መጨረሻ 10።
5. ሹል ጠርዙን ከሁለቱም ወገን አንሡ።

አሁን ለኩ። ሁለቱም ቀዳዳ ውስጥ ባለ 10 ሚሊ ዘንግ አስገቡ። ከዘንጎቹ ውጫዊ ጎን እስከ ውጫዊ ጎን በካሊፐር ያዙ። 110 ሚሊ መምጣት አለበት። የአንዱን ዘንግ ውፍረት ስትቀንሱ 100 ይቀራል። ከ 109.8 በታች ወይም ከ 110.2 በላይ ካሳየ ጣሉትና ሌላ ሥሩ። ያ ናሙና ዛሬ አንድ ቁራጭ ነው፤ ነገ ሁለት መቶ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካላችሁ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አንዱን በሚሊንግ ማሽን አስበሱት። ለአንድ ቁራጭ የምትከፍሉት አይቆጫችሁም።

## ደረጃ 4፦ መሠረቱንና የኋላ መደገፊያውን ግጠሙ

1. የመሠረቱን መሐል፣ በርዝመት 150 ሚሊ ላይ፣ በመስመር ጫሩ። ቡሺንጉ የሚመጣው እዚህ መስመር ላይ ነው።
2. ከ 300 ሚሊው መደገፊያ ታችኛውን የውስጥ ጠርዝ በሞረድ 2 ሚሊ ያህል ሸርፉ። ፍርፋሪ የሚጠራቀመው ጥግ ውስጥ ነው። ጥጉ ክፍት ከሆነ ቁራጩን አይገፋውም።
3. መደገፊያውን ከመሠረቱ የኋላ ጠርዝ 14 ሚሊ አግብታችሁ በሲ ክላምፕ እሰሩት።
4. ሁለቱም ጫፍ አካባቢ መደገፊያውንና መሠረቱን አንድ ላይ በ 6.8 ብሱ። ለያዩዋቸው። መደገፊያው ላይ ያለውን ወደ 9 አስፉ፣ መሠረቱ ላይ ያለውን ኤም 8 ጥርስ አውጡለት።
5. ባለ 20 ሚሊ ቡሎን አስገብታችሁ አጥብቁ።

አትበይዱት። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይጎትታል፤ 10 ሚሊ ላሜራም ቢሆን ይጣመማል። ደግሞ የተበየደ መደገፊያ አንዴ ከተሳሳተ አይታረምም፣ በቡሎን የታሰረ ግን ይታረማል።

ታፕ ቢሰበርስ? የሚሰበረው ብዙ ጊዜ አንዴ ተይዞ በግድ ሲዞር ነው። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ፤ ዘይት አታቋርጡ። ከተሰበረ በፑንታ ለማውጣት አትታገሉ፣ ፑንታውን ይበላዋል። ቡሎኑን 20 ሚሊ ፈቀቅ አድርጋችሁ አዲስ ቀዳዳ ጀምሩ።

## ደረጃ 5፦ ድልድዩን ግጠሙ

ድልድዩ ቡሺንጉን የሚሸከመው ሳህን ነው። ከኋላ በመደገፊያው ላይ፣ ከፊት በ 60 ሚሊዋ ቁራጭ ላይ ያርፋል። ሁለቱም 10 ሚሊ ከፍታ አላቸው። ቁራጩ 5 ሚሊ ስለሆነ በላዩ 5 ሚሊ ክፍተት ይቀራል። ፍርፋሪው የሚወጣው በዚያ ነው። የክፍተቱ ልክ የፑንታው ውፍረት ግማሽ ያህል ይሁን። ካነሰ ፍርፋሪው ቡሺንጉ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ በጣም ከበዛ ፑንታው ለመንሸራተት ቦታ ያገኛል።

1. ናሙናውን ጀርባውን ወደ መደገፊያው አድርጋችሁ አስቀምጡ። የፊት ቁራጯን 2 ሚሊ ያህል ክፍተት ትታችሁ አጠገቡ አድርጉ። ስፋቱ ትንሽ የሚለያይ ፍላት እንዲገባ ነው። ይህች ቁራጭ ፑንታው ቢይዝ እንኳ ብረቱ እንዳይሽከረከር ታግዳለች።
2. ድልድዩን ከላይ አስቀምጡ፤ መሐሉ በመሐል መስመሩ ላይ ይዋል። ከኋላ ሁለት፣ ከፊት ሁለት ቡሎን፣ ቀዳዳዎቹን እንደ ቀደመው ብሱና ጥርስ አውጡ።
3. ናሙናውን ግራ ቀዳዳው የመሐል መስመሩ ላይ እንዲውል አዛውሩ። በቀዳዳው መሐል መሠረቱና ድልድዩ ላይ ምልክት አድርጉ።
4. ድልድዩን ፍቱ። በምልክቱ ላይ በሆል ሶ 22 ሚሊ ብሱት፤ ቀስ ባለ ፍጥነትና ብዙ ዘይት። መሠረቱን በዚያው ነጥብ 14 ሚሊ ብሱ።
5. ድልድዩ ላይ ከ 22 ሚሊው መሐል 20 ሚሊ ወደ ቀኝ፣ በናሙናው የርዝመት መሐል መስመር ትይዩ፣ አንድ ኤም 8 ጥርስ አውጡ። ባለ 40 ሚሊው ቡሎን እዚህ ገብቶ ቁራጩን ወደታች ይጫናል። ጫፉን በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጉት።

ይህ ቡሎን ላይ የሚዞር እጀታ መበየድ ያምራችኋል። ተዉት። ፑንታው ያለው 20 ሚሊ ርቀት ላይ ነው፤ እጀታው ይመታዋል። በ 13 ቁልፍ ማጥበቅ ይበቃል።

## ደረጃ 6፦ ቡሺንጉን አጣብቁ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ምክንያቱም ቡሺንጉን በልኩ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ አጥብቆ ለማስገባት ይሞክራል። ቤት ውስጥ ያን ያህል ትክክለኛ ቀዳዳ መብሳት ከባድ ነው። እኛ ሰፊ ቀዳዳ በሳን። ቦታውን የሚወስነው ቀዳዳው አይደለም፤ ፒኑና ናሙናው ናቸው። ኢፖክሲው ክፍተቱን ብቻ ይሞላል።

መጀመሪያ ኩሽኔታውን ፍቱ። የውጪውን ቀለበት በግራይንደር ሁለት ቦታ ላይ ቁረጡ። ቁርጡ የውስጡን ቀለበት እንዳይነካው ተጠንቀቁ። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሞርሳ ጨምቁት፤ ይከፈታል። ኩሽኔታን በጨርቅ ሳትሸፍኑ በመዶሻ አትምቱ። ጠንካራ ብረት ስለሆነ እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ይፈናጠራል። መከላከያ መነጽራችሁን አታውልቁ። የሚያስፈልጋችሁ የውስጡ ቀለበት ብቻ ነው። የ 10 ሚሊ ፑንታ ለስላሳው ክፍል በውስጡ ያለ ግድ ማለፉን ሞክሩ። ውጪው ላይ ኳሶቹ የሚሮጡበት ቦይ አለ። ኢፖክሲው እዚያ ገብቶ ስለሚደርቅ ቀለበቱ አይወጣም።

1. ትራፓኖውን ከሶኬት ንቀሉ። ባለ 10 ሚሊውን ዘንግ ቻኩ ላይ እሰሩ።
2. ናሙናውን ከኋላ መደገፊያው ጋር አጣብቃችሁ በክላምፕ ያዙ። ግራ ቀዳዳው ከ 14 ሚሊው ቀዳዳ በላይ ይሁን።
3. በናሙናው ላይ 12 ሚሊ የተበሳ ሌላ ባለ 5 ሚሊ ቁራጭ ደርቡ። የላይኛውን ፊት በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ሸፍኑ፤ ኢፖክሲ አይያዘውም። ቀለበቱ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ከድልድዩ ስር ጋር እኩል ይሆናል።
4. ድልድዩን መልሳችሁ እሰሩ። ቀለበቱን ቀዳዳው ውስጥ አስቀምጡ።
5. መሠረቱን ጠረጴዛው ላይ ሳታስሩ፣ ዘንጉን ዝቅ አድርጉ። በቀለበቱ፣ በደራቢው ቁራጭና በናሙናው ቀዳዳ ያለ ችግር እስኪያልፍ መሠረቱን አንቀሳቅሱ። አሁን መሠረቱን በክላምፕ እሰሩ። ዘንጉን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጉ። ማንኛውም መያዝ ከተሰማችሁ ክላምፑን አላልታችሁ ድገሙ።
6. ዘንጉን አንሡ። ቀለበቱንና የድልድዩን ቀዳዳ በአሴቶን አጽዱ፣ ይድረቅ። ዘንጉን በቀጭኑ ግሪስ ቀቡ። የቀለበቱ ውጪ ግን ግሪስ እንዳይነካው።
7. ቀለበቱን መልሱ፣ ዘንጉን ዝቅ አድርጉና እዚያው ቆልፉት። ኢፖክሲውን በእኩል ደባልቃችሁ በጥርስ መፋቂያ ዙሪያውን ሙሉ። አየር እንዳይቀር በዝግታ።
8. እስከ ማግስቱ አትንኩት። ማሸጊያው 5 ደቂቃ የሚል ኢፖክሲ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሙቀት ሲነካው ቶሎ ይለሰልሳል።

ኢፖክሲ ቡሺንጉ ውስጥ ገብቶ ዘንጉ ቢጣበቅ፦ በመዶሻ አትምቱት። ቻኩን ፈታችሁ ዘንጉን በቁልፍ ያዙና ወዲያ ወዲህ እያዞራችሁ አውጡ። ካልወጣ ድልድዩን ፈታችሁ በችቦ አሙቁት፤ ኢፖክሲው ይለቃል፣ እንደገና ታጣብቃላችሁ። ጭሱን አትሳቡ፣ በር ክፈቱ።

ኩሽኔታ ካጣችሁ ድልድዩን በቀጥታ በ 10 ፑንታ ብሱት። ለትንሽ ሥራ ያገለግላል። ግን ለስላሳ ብረት ስለሆነ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም አይነግራችሁም።

## ደረጃ 7፦ ፒኑንና ማቆሚያውን ግጠሙ

1. ናሙናውን 100 ሚሊ ወደ ግራ ግፉት፤ የቀኙ ቀዳዳ ከቡሺንጉ ስር ይምጣ። ዘንጉን በቡሺንጉ አሳልፋችሁ ናሙናው ቀዳዳ ውስጥ አስገቡ። ናሙናውን በክላምፕ አጥብቁ።
2. አሁን የግራው ቀዳዳ መሠረቱ ላይ ፒኑ የሚቀመጥበትን ያሳያል። መሠረቱን ከጠረጴዛው ፈታችሁ አዛውሩ። ቻኩ ላይ ሁለተኛ ባለ 10 ዘንግ አስራችሁ ግራ ቀዳዳው ውስጥ እስኪወርድ አስተካክሉ፤ መሠረቱን እሰሩ። ዘንጉን አውጥታችሁ ፑንታ ተኩ። በናሙናው ቀዳዳ በኩል መሠረቱን ብሱ።
3. የተበሳውን ቀዳዳ አፍ በትልቅ ፑንታ በደንብ አስፉት። እያንዳንዱ ቁራጭ ከስሩ ሹል ከንፈር ይዞ ይመጣል። ያ ከንፈር የሚያርፍበት ጎድጓዳ ከሌለ ቁራጩ ይነሣል፣ ቀዳዳውም ይዛባል።
4. ለማቆሚያው፦ ናሙናውን ወደ መጀመሪያ ቦታው መልሱ። ባለ 8 ሚሊ ዘንግ ግራ ጫፉ ላይ አስጠግታችሁ ዙሪያውን ጫሩ። መሐሉን 8 ሚሊ ብሱ። ከድልድዩ ጠርዝ ውጪ ስለሚውል በነጻነት ይገባል ይወጣል።

## ደረጃ 8፦ መብሳት

ለባለ 10 ሚሊ ፑንታ በለስላሳ ብረት በደቂቃ 800 ዙር ያህል ጥሩ ነው። ለሌላ ፑንታ 8000ን ለውፍረቱ አካፍሉ፤ ትራፓኖው ካለው ፍጥነት ለዚያ የሚቀርበውን ምረጡ።

1. መሠረቱን በሁለት ክላምፕ እሰሩ። ከማጥበቃችሁ በፊት ፑንታውን ቡሺንጉ ውስጥ አውርዱ፤ ራሱ ቦታውን ያሳያችኋል።
2. የማቆሚያ ፒኑን አስገቡ። ቁራጩን ከጀርባ መደገፊያው ጋር፣ ከዚያ ከማቆሚያው ጋር አጣብቁ። በጣት ያዙ፣ ባለ 40ውን ቡሎን አጥብቁ፣ ጣታችሁን አንሡ፣ ከዚያ ብሱ።
3. ዘይት ጨምሩ። 3 ሚሊ በወረደ ቁጥር ፑንታውን አንሡ። ሊወጋ ሲል እጃችሁን አቅልሉ፤ የሚይዘው እዚያ ነው።
4. ሁሉንም ቁራጭ በመጀመሪያው ቀዳዳ ጨርሱ። ከዚያ ማቆሚያውን ንቀሉ፣ ቁራጩን ወደ ግራ ግፉ፣ ባለ 10 ፒኑን በመጀመሪያው ቀዳዳ አስገቡ፣ ሁለተኛውን ብሱ።
5. በእያንዳንዱ ቁራጭ መካከል ጥጉንና የፒኑን ጎድጓዳ በብሩሽ ጥረጉ። በእጅ ወይም በአፍ እየነፋችሁ አይደለም።

ጓንት አታድርጉ። ቁም ትራፓኖ ላይ ጓንት ጣት ይጎትታል። ረጅም እጅጌ ጠቅልሉ፣ ነጠላና ሻሽ እንዳይንጠለጠል አጥብቃችሁ እሰሩ። የቻክ ቁልፉን ቻኩ ላይ አትርሱት። መብራት ከሄደባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ፣ ቀጥሎ ፑንታውን በእጀታው አንሡ። መብራቱ የሚመለሰው እጃችሁ ጂጉ ላይ እያለ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁራጮች እርስ በርስ ደርባችሁ ሁለት ዘንግ አሳልፉባቸው። ካለፈ ቀጥሉ። ከዚያም በየአሥሩ አንዱን ከናሙናው ጋር ፈትሹ።

## እምቢ ሲላችሁ

ቀዳዳው ወደ ቁራጩ ጀርባ እየሸሸ ከሄደ፦ ጥጉ ውስጥ ፍርፋሪ አለ። ጥረጉ። ካልተስተካከለ የኋላ መደገፊያው ቡሎን ላልቷል፤ ናሙናውን በዘንግ አስይዛችሁ እንደገና አጥብቁ።

መሐሉ ያለው 100 ሚሊ እየተለዋወጠ ከሆነ፦ ፒኑ ላልቷል ወይም ቁራጩ ከስር ከንፈር አለው። መጀመሪያ ከንፈሩን በሞረድ አንሥታችሁ ሞክሩ። ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ ሲወዛወዝ ካያችሁ መሠረቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ እንዳለ ተዉና ፒኑን በኢፖክሲ እንደ ቡሺንጉ አጣብቁት፤ ከመሠረቱ በላይ 4 ሚሊ ብቻ ይውጣ። የማጣበቂያው ዘዴ ያው ነው፣ ናሙናው ቦታውን ይይዝላችኋል። ያኔ ቁራጩን ከላይ በፒኑ ላይ ማስቀመጥ አለባችሁ፤ ድልድዩ ስር ባለው 5 ሚሊ ክፍተት ማዘንበል ይቻላል። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ስትበሱ ቁራጩ በቀኝ ስለሆነ ፒኑ አያስቸግራችሁም።

ፑንታው ቡሺንጉ ውስጥ ቢጮህና ቢሞቅ፦ መሠረቱ ከቻኩ ስር ተንሸራቷል። አቁሙ፣ ክላምፑን አላሉ፣ ፑንታውን አውርዳችሁ እንደገና እሰሩ። እንዲሁ መቀጠል ኢፖክሲውን ያለሰልሰዋል።

ቀዳዳው ከ 10 በላይ ከወጣ፦ ጂጉን አትውቀሱ። የፑንታው ሁለት ከንፈሮች እኩል አልተሳሉም። ወይ በትክክል ሳሉት ወይ አዲስ ተኩ።

ፑንታው ቁራጩን ይዞ ቢቆም፦ በእጅ ለመያዝ አትሞክሩ። አጥፉ፣ ቻኩን በእጅ ወደኋላ አዙሩ፣ ከዚያ ቡሎኑን አላሉ።

ሥራው ሲያልቅ ጂጉን ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡት። የሁለቱንም ፒን ራስ ብሱና በሽቦ ከመሠረቱ ጋር እሰሯቸው፤ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። መሠረቱ ላይ «40 በ 5፣ ቀዳዳ 10፣ መሐል 100» ብላችሁ በፓንች ወይም በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ናሙናውን ከሌሎቹ ቁራጮች ጋር እንዳትሸጡት፤ ቀይ ቀቡትና ጂጉ ላይ በቡሎን አስራችሁ አስቀምጡት።